የወንበሩ ክርን

ተማሪዎቹ ከጀርባው «መምህር ዳሰሳ» ይሉት ነበር። ስሙ የወጣለት ገና ከመጀመሪያው የትምህርት ቀን ነው። የማምረቻ ዲዛይን ሊያስተምር ክፍል ሲገባ እንደ ሌሎቹ መምህራን ላፕቶፕ ሳይሆን አንድ ካርቶን ሙሉ የተሰበረ ዕቃ ታቅፎ ገባ፤ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ፣ አንገቱ የተቀነጠሰ ማራገቢያ፣ ማጠፊያው የተገነጠለ የሻንጣ ክዳን። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈላቸውና «ዳስሱት» አለ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «በዓይናችሁ ሳይሆን በጣታችሁ። ብረት የደከመበትን ቦታ አይደብቅም። አውራ ጣታችሁን ካሳረፋችሁበት ራሱ ይናገራል።»

የምህንድስና ተማሪ ስሌት ተሸክሞ ገብቶ ስሌት ተሸክሞ የሚወጣ፣ በመካከሉ አንድ ብሎን እንኳ ሳያጠብቅ የሚመረቅ መሆኑ ያንገበግበው ነበር። ስለዚህ ኃላፊዎቹን ለምኖም ጨቅጭቆም የተሰባበረ ወንበርና ጠረጴዛ የሚጣልበትን አሮጌ መጋዘን አስለቀቀና ወርክሾፕ አደረገው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር ዝናብ ሲጥል መምህርና ተማሪ በእጅ ምልክት ነበር የሚግባቡት። በመካከሉ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ጫፍና ጫፍ ላይ ብረት ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ሲነሳ የሚያጉረመርም አንድ መሰርሰሪያ ማሽን አለ። ሕጉ ቀላል ነው። ማንም የነደፈውን ነገር በመጀመሪያ በካርቶን፣ ቀጥሎ በእንጨት፣ በመጨረሻ በብረት ሠርቶ ካላሳየ ውጤት አያገኝም። «ወረቀት ላይማ የማይገጥም ነገር የለም» ይላል።

በዚህ ሥራው ይኮራ ነበር፤ ኩራቱም ትንሽ አልነበረም። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ እየጠጣ ከሰሌዳ ፊት ፈቀቅ የማይሉትን ባልደረቦቹን ነካ ማድረግ ይወዳል። ኋላ የደረሰበት ነገር ያን ያህል አንገቱን ያስደፋውም ለዚህ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተሳሳትኩ ብሎ ያልፈው ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከእናቱ ጉልበት ነው። እናቱ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ሆና ዕድሜዋን የፈጀች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከእሱ ጋር የምትኖር ሴት ናት። ምላሷ እንደ ወጣትነቷ ነው፤ ጉልበቷ ግን እንቢ ካለ ቆይቷል። ከወንበር ስትነሳ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እየተወዛወዘች «ሞተሩ እስኪሞቅ ነው» ትላለች። መምህሩ ይህን አንድ ቀን ለተማሪዎቹ እየሳቀ አወራላቸው። አራት ሆነው የተቧደኑ ተማሪዎች ከዚያ ተነስተው አዛውንትን የሚያነሳ ወንበር እንሥራ አሉ። ጎን ላይ ያለውን ዘንግ ሲስቡት የመቀመጫው ኋላ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፣ የተቀመጠውንም ሰው ገፋ አድርጎ ያቆመዋል።

ከአራቱ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው በወሬ የማይረታ፣ ለቡድኑ ሁሌ የሚናገር ልጅ ስለነበር «አፈ ጉባኤ» ይሉታል። ሁለተኛዋ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ «ሽቦ» ይሏታል፤ እሷም እንዲያ ሲሏት አትቆጣም። ሽቦ የያዘችው የወንበሩን ክርን ነበር። ክርን ያሉት ከመቀመጫው ሥር ግራና ቀኝ የሚገቡትን፣ ከወፍራም አልሙኒየም የታጠፉትን ሁለት ቁራጮች ነው። የሰውየው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። ሽቦ ሁለቱንም ሰፋ አድርጋ፣ እንደ ወንዝ መታጠፊያ አዙራ አጠፈቻቸው። ጠንካራ ነበሩ። ችግሩ ከመቀመጫው ሥር ወጣ ብለው መታየታቸው ነበር።

የተማሪዎቹ ሥራ ለእንግዳ የሚታይበት የዓመቱ የሥራ ዕይታ ቀን ቀረበ። ከየፋብሪካው እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። መምህሩ ዋዜማው ላይ ወርክሾፕ ገብቶ ወንበሩን ዞር ዞር ብሎ አየና «ምነው፣ ጥርሷን ያመማት አስመሰላችኋት? ጉንጯ አብጧል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሽቦም ፈገግ አለች። ከዚያ ክርኖቹ ጥብብ ብለው፣ ስል ጥግ ሠርተው እንዲታጠፉና ከመቀመጫው ሥር እንዲደበቁ አዘዘ።

ሽቦ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «መምህር፣ ይህን ያህል ከጠበበ ውጪው አይሰነጠቅም?» አለችው።

ይህን ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። አልሙኒየም በጠባቡ ሲታጠፍ የውጭ ቆዳው ተወጥሮ ይተረተራል ብሎ፣ የተሰነጠቀ ቁራጭ በየእጃቸው አዙሮ አስዳስሷቸዋል። ጥያቄዋ ትክክል መሆኑን አላጣውም። ግን እንግዶቹ ነገ ይመጣሉ። ለዕይታ ብቻ ነው፣ ከዕይታ በኋላ እንደ ፈለግሽ አስፍተሽ ትሠሪዋለሽ ብሎ አሰናበታት። ልጅቷ በሞርሳ አስራ እየቀጠቀጠች አጠፈቻቸው፣ ከዚያም አንዱን አምጥታ ያለ ቃል ዘረጋችለት። መምህሩ አውራ ጣቱን እጥፋቱ ላይ አሳለፈ። ሻከር የሚል፣ እንደ ተሰነጣጠቀ ከንፈር ያለ ነገር ተሰማው። መሰማቱስ ተሰምቶታል፤ ኋላ ስንት ጊዜ ራሱን ሊያታልል ቢሞክርም ይህችን ነገር መካድ አልቻለም።

«ቀለሙ ይሸፍነዋል» አላት።

ዕይታው ሰመረ። ወንበሩ ፊት ሰው ተኮለኮለ። አንድ ደንዳና የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ልቀመጥበት ብሎ ኮቱን ሲያወልቅ ሽቦ ከየት መጣች ሳትባል ቀድማው ቁጭ አለችበትና «እኔ ላሳይዎት» አለች፤ ዘንጉን ስባም ብድግ አለች። ሰው አጨበጨበ። መምህሩ ልጅቷ ለምን እንደተሽቀዳደመች የገባው ከብዙ ቀን በኋላ ነው። ያን ጊዜ እንኳን ሊገባው፣ ዓይን አፋርነቷ ለቀቃት ብሎ ተደስቶ ነበር።

ሙገሳው ራሱ ላይ ወጣ። ታላቅ እህቱ ቅዳሜ እናታቸውን ልትጠይቅ ትመጣለች፤ እህቱ ፋርማሲ ያላት፣ ታናሽ ወንድሟን ሁሌ ሲናገር እንጂ ሲሠራ አላየሁትም እያለች የምትቀልድበት ሴት ናት። ለተማሪዎቹ ሳይነግር፣ ክርኖቹ እንዲለወጡም ሳይጠብቅ ወንበሩን በባልደረባው ፒክአፕ ጭኖ ቤቱ አስገባው። ለራሱ የሰጠው ምክንያት፣ ናሙና ተጠቃሚው ጋ ደርሶ ካልተሞከረ ናሙና አይደለም የሚለው የራሱ ትምህርት ነበር። ለዕይታ ብቻ ብሎ የተናገረው ቃል ትዝ ብሎት እንደነበር ቢጠይቁት በሐቅ መመለስ አይችልም። ትዝ ያለው ይመስለዋል። ይመስለዋል እንጂ እርግጠኛ አይደለም፤ እሱም ያሳፍረዋል።

እህቱ ወንበሩን አይታ ጎሽ አለችው። እናቱ ተቀምጣበት ብድግ፣ ቁጭ፣ ብድግ አለች፤ ዓይኗ በራ። እሱም ልቡ ሞቆ ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር እያሳያት «ይቺን ጥግ አየሻት እማዬ? ልጆቹ ጉንጯን አሳብጠዋት ነበር። እኔ ነኝ ያስጠበብኳት» አላት። እናቱ ጉንጭ ያለው ወንበር ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ ጠግቦ ያደረ ይመስላል ብላ አሳቀችው። እህቱ ያን ጊዜ ወጥ ቤት ነበረች፤ አልሰማችም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ጠዋት መምህሩ መታጠቢያ ቤት ጢሙን ሲላጭ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማ፤ ቀጥሎ የእናቱ ድምፅ። ሮጦ ሲወጣ የወንበሩ ቀኝ ክርን ከእጥፋቱ ላይ ለሁለት ተሰብሮ መቀመጫው በአንድ ጎኑ ተንጋዷል። እናቱ ወለሉ ላይ ናት። ስትወድቅ የተመረኮዘችበት እጇ ከአንጓው ላይ ያለ ቦታው ዞሯል። አልጮኸችም። «ስልኩ ተቋረጠ» አለችው።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ እናቱን ለራጅ ካስገቧት በኋላ እህቱ እየሮጠች ደረሰች። ምን ሆነች፣ እንዴት ሆነ አለችው። መምህሩ ግማሽ ፊቱ ተላጭቷል፣ ግማሹ አልተላጨም፤ ጆሮው ሥር የሳሙና አረፋ ደርቋል። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ቃል ይህ ነበር፦

«ተማሪዎቹ የሠሩት ወንበር ነው። ልጆች አይደሉ... ማጠፊያውን እንደ ነገሩ ሠርተውት።»

ማንም አላስገደደውም። አስቦ የተናገረውም አልነበረም። ግን አንዴ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ጊዜ ነበረው፤ ያ ሁሉ ኮሪደር፣ ያ ሁሉ መጠበቅ ነበረ። እህቱ ስታለቅስ ትከሻዋን አቀፈ፤ ቃሉን ግን አልመለሰውም።

እህቱ ነገር የማታሳድር ሰው ናት። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች። ደወለችላቸው። በማግስቱ ኃላፊው አራቱን ተማሪዎችና መምህሩን ቢሯቸው ጠሩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ሰው ተጎድቷል፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ማን ምን እንደሠራ ማወቅ አለብን አሉ። ወንበሩ መምህሩ ቤት መግባቱን ልጆቹ የሰሙት ገና ያን ሰዓት ነበር።

ሽቦ እጇን ከጉልበቷ ላይ ሳታነሳ «ክርኑን ያጠፍኩት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ዞር ብላ መምህሩን አየችው። ረጅም አልነበረም። አንድ ሰው በር ከፍቶ ግቡ ሲል የሚጠብቀውን ያህል ነው። መምህሩ መስኮቱን አየ። ከመስኮቱ ውጭ አትክልተኛው ቱቦ ይጠቀልል ነበር፤ እሱን አየ። ከዚያ ልጅቷ ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ለወደፊቱ እኔም በቅርብ እከታተላለሁ አለ። ኃላፊው ምስጋና አቀረቡለት። ከክፍሉ ሲወጡ ጆሮው ጫፍ ድረስ ይነደው ነበር፤ ለምን እንደተመሰገነ ከእሱና ከልጅቷ በቀር የገባው የለም።

ከዚያ ወዲህ ሽቦ ክፍል ትገባለች፣ ወርክሾፕ ግን አትመጣም። ስትገባም ኋላ ተቀምጣ እጆቿን ብብቷ ሥር ትወሽቃለች። ሌሎቹ ወርክሾፕ ሲሞርዱ፣ ሲበሱ፣ እሷ ክፍል ቀርታ የቀድሞ ተማሪዎች ንድፍ ታገላብጣለች። መምህሩ ዳስሱት የሚለውን ቃል ሊናገር ሲል አፉ ላይ ይቀርበታል። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ ጠብቆ ሊያናግራት አሰበ፤ ከሩቅ ሲያያት ሌላ መንገድ ያዘ። ቁመተ ሎጋ ሰውዬ፣ ከአንዲት ተማሪ ሽሽት ቤተ መጻሕፍቱን ዞሮ በቆሻሻ መጣያው በኩል ወጣ።

እናቱ እጇ በጄሶ ታስሮ ቤት ተመለሰች። እሱ ያጎርሳታል፣ ፀጉሯን ያበጥርላታል፤ አበጣጠሩ ስለማይመቻት ፊቷን ታጨማድዳለች። አንድ ከሰዓት እህቱ መጥታ ስለ ልጆቹ ግዴለሽነት ስታወራ ቆይታ ሄደች። በሩ ሲዘጋ እናቱ ፀጉሯን እያበጠረላት ሳለ ዞር ብላ አየችው።

«እኔ የሰው ወሬ ሳገናኝ ነው ያረጀሁት» አለችው። «ማን ለማን ምን እንዳለ አይጠፋኝም። ያቺን ጥግ እኔ ነኝ ያስጠበብኳት ብለኸኝ አልነበር?»

ማበጠሪያውን እንደያዘ ቆመ። አዎ አላት።

«እና የምን ልጆች ነው እህትህ የምትለው?»

ሁሉንም ነገራት፤ ኮሪደሩን፣ ቢሮውን፣ መስኮቱን። እናቱ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ስትሰማው ቆይታ ያቺ ልጅ እናት አላት ወይ ብላ ብቻ ጠየቀችው። አላውቅም አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስተምራት ስለ እሷ አንድም ነገር አለማወቁ ያን ጊዜ ታየው። እናቱ እጇ እንዲህ መሆኑ እንደማያሳዝናት፣ እሱ በሰው ልጅ ጀርባ መሸሸጉ ግን እንደሚያሳዝናት ነገረችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰኞ ዕለት የተሰበረውን ክርን ይዞ ወርክሾፕ ገባ። ሽቦም እንድትመጣ በአፈ ጉባኤ በኩል አስጠርቷታል፤ በሩ አጠገብ ቆማለች። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ማስረዳት ጀመረ። አጀማመሩ እንደ ትምህርት ነበር። እጥፋቱ ከሚገባው በላይ ጠባብ ተደርጎ ታጠፈ፣ የውጭው ቆዳ ተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ በቀለም ተሸፈነ፣ ከዚያም ወንበሩ ሳይፈተሽ ለተጠቃሚ ተሰጠ። ተደርጎ፣ ተሸፈነ፣ ተሰጠ። ድርጊቱ ሁሉ አለ፣ አድራጊው የለም።

አፈ ጉባኤ እጁን አወጣ። ልጁ ለወሬ ሲል ሳይሆን፣ የምር ስላልገባው «ማን ነው ያስጠበበው፣ መምህር?» አለ።

ዝናብ ቢጥል ኖሮ ጣሪያው ያድነው ነበር። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው።

«እኔ» አለ። ድምፁ ስለጠፋበት ደገመው። «እኔ ነኝ ያስጠበብኩት። ይሰነጠቃል ብላ ነግራኛለች። ከታጠፈም በኋላ አምጥታ አሳይታኛለች፣ በጣቴ ነክቼ አውቄዋለሁ። ቀለም ቀቢው ያልኳት እኔ ነኝ። ቤቴ የወሰድኩትም ለእናንተ ሳልነግር ነው። ኃላፊው ጋ ስንጠራ ይህን መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም።»

አንዱ የያዘውን ሞረድ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። መምህሩ ቀና ብሎ ሽቦን ፈለጋት፤ በሩ አጠገብ አልነበረችም።

ያገኛት ግቢው ውስጥ፣ የብስክሌት ማቆሚያው ጋ ነው። ይቅርታ ጠየቃት። አንገቱን ደፍቶ፣ ቃላት እየተደናቀፈበት። ሽቦ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ስለ ክርኑ አይደለም፣ መምህር» አለችው። «ክርኑን እኔም አልሠራም ማለት እችል ነበር። ግን ያን ቀን ሳይዎት መስኮቱን አዩ።»

አዎ አላት። እሷም ብስክሌቷን ገፋ አድርጋ ሄደች።

ያንኑ ዕለት ኃላፊው ጋ ገብቶ ነገሩን እንደነበረ ተናገረ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ አመሰገንኩህ እኮ አሉት፤ ከዚያ በላይ አልወቀሱትም። የሥራ ዕይታውን ማስተባበር ግን ለሌላ መምህር ተሰጠ። ለእህቱም ነገራት። እሷ እንደ መሳቅ ብላ አንድ ጊዜ ትንፋሿን ለቀቀች፣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ብዙ ቀን አልደወለችለትም። ተመልሳ ስትመጣ ሰላም አለችው፣ ግን መቀለዷን አቆመች። ድሮ ቀልዷ ያናድደው ነበር፤ አሁን የጎደለበት እሱ ነው።

ሽቦ ወርክሾፕ የተመለሰችው ለእሱ ብላ እንዳልሆነ አሳውቃለች። ወንበሩ ሳያልቅ መቅረት የለበትም ብላ ነው። ክርኖቹን እንደገና አስፍታ አጠፈች፤ ጉንጫቸው እንዳበጠ። ቡድኑ በአሸዋ የተሞላ ከረጢት እየጫነ፣ ዘንጉን እየተፈራረቀ ሲስብ ሰነበተ። መምህሩ ዳር ቆሞ ያያል፤ ሲጠይቁት ይመልሳል። እኔ መጀመሪያ ልቀመጥበት ሲል፣ መቼም አፉ የማያርፈው አፈ ጉባኤ «ክብደትዎ ከከረጢቱ ያንሳል መምህር፣ ምንም አያስተምረንም» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ ሽቦ አልሳቀችም።

እናቱ አዲሱን ወንበር እንድትሞክር ሲጠይቋት፣ የሠራችው ልጅ ካመጣችው እሺ አለች። ሽቦ መጣች። እናቱ ጄሶው ከወጣ ወዲህ በደንብ የማይዞረውን እጇን ልጅቷ እንዳታየው ሻርፕ ሥር ብትደብቀውም፣ ሽቦ ጠይቃ አየችው፤ ቀስ አድርጋ አንጓውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሁለቱ ስለ ስልክ ማዞሪያ፣ ስለ ልጅቷ ታናናሾች፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወሩ አመሹ። ልጅቷ እናት እንደሌላት፣ ታናናሾቿን ያሳደገች እሷ መሆኗን መምህሩ የሰማው ከሳሎኑ በር ጀርባ፣ ሻይ ይዞ ግባ አትግባ ሲል ቆሞ ነው።

ሽቦ ተመርቃ ፋብሪካ ከገባች በኋላም እናቱን መጠየቋን አልተወችም። በምትመጣባቸው ቀናት መምህሩ ውጭ ሥራ ይፈልጋል፤ የማይፈስ ቧንቧ ይፈታታል፣ የጸዳ ደጅ ይጠርጋል። ለየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ስለ ክርኑ ይነግራቸዋል፤ ያለ ተደርጎና ያለ ተሸፈነ፣ እኔ እያለ። ኃላፊው ቢሮ የሆነው ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይፈጥናል። አንዳንድ ዓመት ጭራሽ ይዘለዋል፣ ማታ ይቆጨዋል፣ በሚቀጥለው ክፍል ተመልሶ ይናገረዋል።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ሽቦ የተጠቀለለ ንድፍ ይዛ መጣችና ደጁ ላይ አገኘችው። ፋብሪካው ውስጥ የምትሠራው ነገር ነው፤ አንድ ጊዜ ይዩልኝ አለችው። በመስኮቱ ደፍ ላይ ዘርግቶ ጊዜ ወስዶ አየው። አንድ ቀዳዳ ለጠርዝ በጣም ቀርቧል አላት። ጎንበስ ብላ ተመለከተች፣ በእርሳስ ምልክት አደረገችበት፣ እሺ አመሰግናለሁ አለችና ወደ እናቱ ገባች። ይኸው ነው። እሱ ግን ሌላ ነገር ትል እንደሆነ ብሎ ትንሽ ቆሞ ጠበቀ። መጠበቁን ሲያውቀው ፊቱ ጋለና መጥረጊያውን አነሳ።